የኢንተርኔት ስልክ በቤትና በሥራ ቦታ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከቀላሉ ጀምረን ወደ አስቸጋሪው እንሄዳለን። ስልኩን ቀድማችሁ አስገብታችሁ ችግር የገጠማችሁ ከሆነ ግን በቀጥታ ወደ ታች ውረዱ።

የኢንተርኔት ስልክ በዋትስአፕ ወይም በቴሌግራም ከመደወል በምን ይለያል?

በሁለቱም ድምፃችሁ ተቆራርጦ፣ ፓኬት በሚባሉ ትንንሽ ጥቅሎች ኢንተርኔት ላይ ይጓዛል። ብዙውን ጊዜ አንዱ ፓኬት የ20 ሚሊሰከንድ ድምፅ ይይዛል። ልዩነቱ ያለው ቁጥሩ ላይ ነው። በዋትስአፕ የምትደውሉት ዋትስአፕ ላለው ሰው ብቻ ነው። የኢንተርኔት ስልክ ግን እንደማንኛውም ስልክ የራሱ ቁጥር አለው። ወደ መደበኛ ስልክም ወደ ሞባይልም ይደውላል፤ ከየትም ይደወልለታል።

ባለሙያዎቹ ቪኦአይፒ ይሉታል። ጥሪውን የሚያስጀምረውና የሚዘጋው ፕሮቶኮል ኤስአይፒ ይባላል። ድምፁን የሚያመላልሰው ግን ሌላ ነው፤ አርቲፒ ይሉታል። ይህን ክፍፍል ያዙልኝ። «ስልኩ ይጠራል፣ ሲነሳ ግን ድምፅ የለም» የሚባለው ችግር በአብዛኛው የሚመጣው ሁለቱ በተለያየ መንገድ ስለሚሄዱ ነው። ኤስአይፒ ዛሬ ያለውን ቅርፅ የያዘው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። ለማንም ክፍት የሆነ ደረጃ በመሆኑ የአንዱ ኩባንያ ስልክ ከሌላው ኩባንያ ሰርቨር፣ ማለትም ጥሪዎቹን ከሚያገናኘው ኮምፒውተር፣ ጋር ይግባባል።

ለመጀመር ምን ምን ያስፈልገኛል?

ኢንተርኔት፣ ቁጥርና አካውንት የሚሰጥ አቅራቢ፣ ከዚያ የምትናገሩበት ዕቃ። ዕቃው ሞባይል ወይም ኮምፒውተር ላይ የሚጫን አፕ ሊሆን ይችላል። በቀጥታ ኔትወርክ ላይ የሚሰካ የጠረጴዛ ስልክም አለ፤ አይፒ ስልክ ይባላል። የድሮ ስልክ ከአዳፕተር ጋርም ይሆናል።

ዕቃ ለመግዛት አትቸኩሉ። መጀመሪያ ነፃ አፕ ኮምፒውተር ላይ ጫኑ፣ ኮምፒውተሩን በገመድ ከራውተሩ ጋር አገናኙ፣ ማይክ ያለው ኢርፎን ሰኩና ጥቂት ቀን ደውሉበት። በዚህ ሁኔታ ድምፁ ከተቆራረጠ፣ ውድ ስልክ ብትገዙም ይቆራረጣል። ችግሩ ያለው ኔትወርኩ ላይ ነው፤ መጀመሪያ መስተካከል ያለበትም እሱ ነው። አቅራቢ ስትመርጡ ደግሞ በምትኖሩበት አገር ፈቃድ ያለው መሆኑን አጣሩ፤ ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል።

የድሮው የቤት ስልኬ ይሠራል?

ይሠራል። ኤቲኤ የሚባል ትንሽ አዳፕተር ትገዛላችሁ። በአንድ በኩል የኔትወርክ ገመድ ይገባበታል፣ በሌላ በኩል ስልኩ ይሰካበታል። ስትገዙ ኤፍኤክስኤስ የሚል ፖርት ያለው መሆኑን እዩ፤ ለስልኩ የመስመር ድምፅና የመጥሪያ ኃይል የሚሰጠው እሱ ነው። ኤፍኤክስኦ የሚለው ተቃራኒው ነው፤ ከቴሌ የሚመጣ መስመር ለመቀበል የተሠራ ነው። ስልኩን ኤፍኤክስኦ ላይ ሰክተው «ዕቃው ብልሹ ነው» ብለው የሚመልሱ ሰዎች አሉ።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። አዳፕተሩን ከግድግዳው የስልክ ሶኬት ጋር አገናኝታችሁ ቤቱን ሁሉ ማዳረስ ካሰባችሁ፣ መጀመሪያ ከውጭ የሚገባውን የስልክ መስመር ንቀሉ። መስመሩ ላይ ኤሌክትሪክ ስላለ አዳፕተሩን ሊያቃጥለው ይችላል። ሌላው፣ ቁጥሩ እየተሽከረከረ የሚደወልበትን ጥንታዊ ስልክ ብዙ አዳፕተሮች አይረዱትም። ሲደወል ይጠራል፣ መደወል ግን አይችልም።

የእኔ ኢንተርኔት ይበቃል?

ፍጥነቱ? በአብዛኛው ይበቃል። ድምፅን ወደ ዳታ የሚቀይረው ዘዴ ኮዴክ ይባላል፤ ጂ.711 የሚባለው የተለመደው ኮዴክ ድምፁን በ64 ኪሎቢት በሰከንድ ይልካል። የፓኬቶቹ ማሸጊያ ሲጨመር በእያንዳንዱ አቅጣጫ ወደ 87 ኪሎቢት ይደርሳል። ስለዚህ አሥር ሰው በአንድ ጊዜ ቢያወራ እንኳ ወደ ላይም ወደ ታችም አንድ ሜጋቢት አይሞላም። በዳታ ስናሰላው የአንድ ሰዓት ወሬ ወደ 78 ሜጋባይት ይበላል። ዳታ ለሚቆጥቡ ጂ.729 አለ፤ ወደ 28 ሜጋባይት ያወርደዋል፤ ድምፁ ግን ትንሽ ይደርቃል። ሁለቱም ወገን ኦፐስ የሚባለውን ኮዴክ የሚችሉ ከሆነ እሱን ምረጡ። እንደ መስመሩ ሁኔታ ራሱን ያስተካክላል፣ ድምፁም ያምራል።

ከፍጥነት ይልቅ መታየት ያለበት መዘግየት ነው። ድምፅ ከአፍ ወጥቶ እዚያኛው ጆሮ እስኪደርስ ከ150 ሚሊሰከንድ ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ የዓለም አቀፉ የቴሌኮም ኅብረት የሚመክረውም ይህንኑ ነው። ከ400 ካለፈ ሁለት ሰዎች እየተሻሙ ይናገራሉ፣ ከዚያ አብረው ዝም ይላሉ፣ ከዚያ እንደገና ይሻማሉ። መዘግየትን የሚለካውን ፒንግ ስታዩ የምታገኙት ቁጥር የደርሶ መልስ መሆኑን አትርሱ። የስፒድ ቴስት ትልቅ ቁጥር አያታላችሁ፤ ማየት ያለባችሁ ፒንጉንና የመጫኛውን፣ ማለትም የአፕሎዱን፣ ፍጥነት ነው።

ዋይፋይ ይሻላል ወይስ ገመድ?

ገመድ። ዋይፋይ ለድረ ገጽ የማይታወቅ ትንሽ መንገጫገጭ አለው፤ ድምፅ ላይ ግን ወዲያው ይሰማል።

ለሥራ ቦታ «ገመድ የለንም» ማለት ብዙም አያስኬድም። አብዛኞቹ አይፒ ስልኮች ሁለት ፖርት አላቸው፤ አንዱ ከግድግዳ ይመጣል፣ ሌላው ወደ ኮምፒውተር ይሄዳል። በአንድ ገመድ ሁለቱም ይሠራሉ። የስልኩ ፖርት ጊጋቢት መሆኑን ብቻ አረጋግጡ፤ 100 ሜጋቢት ከሆነ ከጀርባው ያለው ኮምፒውተርም እዚያው ላይ ይቀራል። ፒኦኢ ያለው ስዊች፣ ማለትም የኔትወርክ ገመድ ማከፋፈያ፣ ከገዛችሁ ደግሞ ኤሌክትሪኩም በዚያው ገመድ ይመጣል፤ ለየስልኩ ቻርጀር መፈለግ ይቀራል።

ለቢሯችን ስንት መስመር እንግዛ?

የሠራተኛውን ቁጥር አትቁጠሩ። በአንድ ጊዜ ከውጭ ሰው ጋር የሚያወራው ስንት ነው? እሱን ነው የምትገዙት። ስልክ ዋና ሥራው ባልሆነ ቢሮ ከሃያ ሠራተኛ መሃል በአንድ ጊዜ መስመር ላይ የሚገኘው ጥቂት ነው። የጥሪ ማዕከል ከሆነ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። ከኤክስቴንሽን ወደ ኤክስቴንሽን፣ ማለትም ከአንዱ የውስጥ ቁጥር ወደ ሌላው፣ የሚደረግ ጥሪ የውጭ መስመር አይዝም። ሰርቨሩ አቅራቢው ጋ ከሆነ ግን ከጎናችሁ ላለው ሰው ስትደውሉም ድምፁ በኢንተርኔት ዞሮ ሊመጣ ይችላል፤ ባንድዊድዝ ስታሰሉ አስቡበት።

የራሳችንን ሰርቨር እናቁም ወይስ ከአቅራቢ እንከራይ?

አስተሪስክ የሚባለው ሶፍትዌር እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ አለ፣ ነፃ ነው፣ ትልልቅ ድርጅቶች የሚጠቀሙበትን የስልክ ማዞሪያ ሥራ ሁሉ ይሠራል። ለትንሽ ቢሮ ራስቤሪ ፓይ የምትባለው ትንሽ ኮምፒውተር ላይ እንኳ ይሮጣል። በኮማንድ መሥራት የማይወድ ፍሪፒቢኤክስን ይጫን፤ በብራውዘር ይስተካከላል።

ነፃ ነው ማለት ግን ወጪ የለውም ማለት አይደለም። አንድ ሰው ማዘመን አለበት፣ ባክአፕ መያዝ አለበት፣ ማታ ማታ የሚያንኳኩትን ሌቦች መጠበቅ አለበት። ይህን የሚሠራ ሰው ከሌላችሁ ተከራዩ። «የጎረቤት ልጅ ያቆምልናል» የሚለው ነገር ልጁ ሥራ ሲቀይር ችግር ይዞ ይመጣል። በሌላ በኩል የራስ ሰርቨር ኢንተርኔት ሲቋረጥም የቢሮውን የውስጥ ጥሪ ማገናኘቱን አያቆምም፤ ሆቴል፣ ፋብሪካ ወይም ሆስፒታል ለዚህ ሲሉ ይመርጡታል። የኪራዩ ጥቅም ደግሞ የቢሯችሁ ኢንተርኔት ቢሞትም ጥሪው ወደ ሞባይላችሁ መዞር መቻሉ ነው።

ያለኝን ቁጥር ይዤ መዛወር እችላለሁ?

እንደ አገሩና እንደ ድርጅቱ ነው፤ ቀድማችሁ ጠይቁ። የሚቻል ከሆነ አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ ዝውውሩ ማለቁ እስኪነገራችሁ የድሮውን መስመር አታዘጉ። የተዘጋን ቁጥር ማዛወር ብዙ ጊዜ አይቻልም፣ ጠፍቶም ሊቀር ይችላል። ቅጹ ላይ የምትሞሉት ስምና አድራሻም ከድሮው ውል ጋር አንድ ዓይነት ይሁን። እስከዚያው የድሮውን ቁጥር ወደ አዲሱ ፎርዋርድ ማድረግ ትችላላችሁ።

አካውንቱን ስልኩ ላይ እንዴት ነው የማስገባው?

አቅራቢው የሰርቨር አድራሻ፣ የተጠቃሚ ስምና ፓስወርድ ይሰጣችኋል። በስልኩ ወይም በአፑ ሴቲንግ ውስጥ እነዚህን ታስገባላችሁ። ፖርቱ በተለምዶ 5060 ነው፤ ቲኤልኤስ የሚባለውን ምስጠራ ከተጠቀማችሁ 5061 ይሆናል። አንዳንድ አቅራቢ ለመግቢያ ከተጠቃሚ ስሙ የተለየ መለያ ይሰጣል፤ እሱን የምትጽፉበት ቦታ ለብቻው አለ። «ሬጂስተርድ» ካለ ጨርሳችኋል።

እምቢ ካለ የሚመጣውን ቁጥር አንብቡ። 403 ካለ ሰርቨሩ አግኝቷችኋል፣ ግን አልተቀበላችሁም፤ ስሙን ወይም ፓስወርዱን እዩ። ኮፒ ስታደርጉ መጨረሻ ላይ ባዶ ቦታ አብሮ መጥቶ ይሆናል፤ ይህ ከምታስቡት በላይ ያጋጥማል። 408 ካለ መልስ አልመጣም ማለት ነው፤ አድራሻውን፣ ፖርቱንና ፋየርዎሉን ፈትሹ። በቲኤልኤስ ብቻ አልገባ ካለ የስልኩን ሰዓትና ቀን ተመልከቱ። ሰዓቱ ከተሳሳተ ሰርተፊኬቱን ጊዜው ያለፈበት አድርጎ ይቆጥረዋል።

መብራት ሲጠፋ ስልኩ ይሠራል?

አይሠራም። የድሮው የመዳብ መስመር ከቴሌ ማዕከል 48 ቮልት ይዞ ስለሚመጣ ቤቱ ቢጨልምም ይሠራ ነበር። አሁን ራውተሩ፣ የፋይበሩ ሳጥን፣ ስዊቹና ስልኩ ሁሉም መብራት ይፈልጋሉ። ሁሉንም በአንድ ዩፒኤስ ላይ አድርጉ፤ ብዙ ኃይል ስለማይወስዱ ትንሹም ጥሩ ጊዜ ያቆያቸዋል። ራውተሩን ዩፒኤስ ላይ አድርጎ የፋይበሩን ሳጥን መርሳት የተለመደ ነው።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ ከባድ ጉዳይ አለ። በኢንተርኔት ስልክ ወደ አምቡላንስ ወይም ወደ እሳት አደጋ ስትደውሉ ያላችሁበት ቦታ በራሱ ላይታወቅ ይችላል። አቅራቢው አድራሻ የሚያስመዘግብ ከሆነ አስመዝግቡ፣ ቦታ ስትቀይሩም አስቀይሩ። ለድንገተኛ ጊዜ የሚሠራ ሞባይል አጠገባችሁ ይኑር።

ኢንተርኔታችን ፈጣን ነው፤ ድምፁ ግን ለምን ይቆራረጣል?

ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው በዚያው ሰዓት የሚጫን፣ ማለትም አፕሎድ የሚደረግ፣ ነገር ነው። አንዱ ኮምፒውተር ባክአፕ ይልካል፣ ወይም የደኅንነት ካሜራ ቪዲዮ ይጭናል። የመጫኛው መስመር ጠባብ ስለሆነ ራውተሩ ፓኬቶቹን ያሰልፋል። በአንድ ሌይን ድልድይ ላይ ከከባድ መኪናዎች ኋላ የተሰለፈ አምቡላንስ አስቡ፤ ድምፃችሁ እሱ ነው። ፓኬቱ ባይጠፋም፣ ዘግይቶ የደረሰ ድምፅ እንደጠፋ ነው የሚቆጠረው፤ ተራው አልፏል።

ማረጋገጥ ቀላል ነው። ማንም ሳይጠቀም ፒንግ አስጀምሩ፣ ከዚያ ትልቅ ፋይል ጫኑ። 20 ሚሊሰከንድ የነበረው ወደ ብዙ መቶ ከዘለለ ችግሩ ይኸው ነው። ራውተሩ ላይ ኪውኦኤስ ወይም ኤስኪውኤም የሚል፣ ሰልፉን የሚያስተዳድር ሴቲንግ ካለ አብሩት። የፍጥነት ጣሪያውን ከትክክለኛው ፍጥነታችሁ ዝቅ አድርጋችሁ፣ 85 ወይም 90 በመቶ ላይ ስጡት። ጥቂት ፍጥነት ታጣላችሁ፣ ሰልፉ ግን እናንተ በምትቆጣጠሩት ራውተር ላይ ይሆናል፤ ድምፁም ቅድሚያ ያገኛል። ራውተሩ ይህን የማይችል ከሆነ ገንዘባችሁን ለስልክ ሳይሆን ለራውተር አውጡ።

ለድምፅ ፓኬቶች ቅድሚያ የሚሰጥ ምልክት ስልኩ ራሱ ይለጥፋል። ምልክቱ ግን ዋጋ የሚኖረው እናንተው ቤት ውስጥ ነው፤ ከራውተራችሁ ካለፈ በኋላ በአብዛኛው የሚያየው የለም።

ስልኩ ይነሳል፣ ግን አንዱ ወገን ሌላውን አይሰማም። ለምን?

ከጥያቄዎቹ ሁሉ ይህ ይበዛል። ስልካችሁ ራውተር ጀርባ ያለው አድራሻ 192.168.1.20 ዓይነት ነው፤ ከቤት ውጭ ትርጉም የለውም። ኤስአይፒ ግን ጥሪ ሲጀምር «ድምፁን ወደዚህ አድራሻ ላኩልኝ» ብሎ መልእክቱ ውስጥ ይጽፈዋል። ያኛው ወገን ወደዚያ አድራሻ ይልካል፣ ድምፁም የትም አይደርስም።

መጀመሪያ ራውተሩ ላይ ኤስአይፒ ኤኤልጂ የሚለውን ፈልጉና አጥፉት። ሊረዳ ተብሎ የተሠራ ነገር ነው፤ መልእክቱን እየከፈተ አድራሻውን ያርማል። ችግሩ በብዙ ራውተሮች ላይ አበላሽቶ ነው የሚያርመው። ካጠፋችሁ በኋላ ራውተሩንም ስልኩንም ሪስታርት አድርጉ። ካልተፈታ ስልኩ ላይ አቅራቢው የሚሰጠውን የስተን ሰርቨር አስገቡ፤ ለስልኩ የውጭ አድራሻውን የሚነግረው እሱ ነው። ሁለት ራውተር ተከታትሎ የተሰካ ከሆነ ደግሞ አንዱን ብሪጅ፣ ማለትም ዝም ብሎ የሚያስተላልፍ፣ አድርጉት።

ሰርቨሩ የራሳችሁ ከሆነ የውጭ አይፒ አድራሻችሁን ንገሩት፣ የድምፅ ፖርቶቹንም ፋየርዎሉ ላይ ክፈቱ። አስተሪስክ ላይ የተለመደው ከ10000 እስከ 20000 ያለው የዩዲፒ ፖርት ነው።

ጥሪው ሁልጊዜ ግማሽ ደቂቃ ሲሞላ ይቋረጣል። ምንድን ነው?

ሰዓት ይዛችሁ ከለካችሁት 32 ሰከንድ ገደማ ታገኛላችሁ። ስልክ ሲነሳ የተነሣበት ወገን «ተነሥቷል» የሚል መልእክት ይልክና «ደርሶኛል» የሚል ማረጋገጫ ይጠብቃል። ካልመጣለት እየደጋገመ ይልካል። በኤስአይፒ ደንብ መሠረት ከ32 ሰከንድ በኋላ ተስፋ ቆርጦ ይዘጋዋል። ድምፁ እስከዚያ ድረስ ጥሩ ስለሆነ ሰው ኔትወርኩን አይጠረጥርም። መድኃኒቱ ከላይኛው ጋር አንድ ነው፤ ኤኤልጂውን አጥፉ፣ የሰርቨሩን የውጭ አድራሻ አስተካክሉ።

በ15 ወይም በ30 ደቂቃ ከሆነ የሚቋረጠው ግን «ጥሪው አሁንም አለ ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው የሴሽን ታይመር መልእክት እያለፈ አይደለም ማለት ነው። አቅራቢውን በዚሁ ስም ጠይቁት፤ ይገባዋል።

እኔ ስደውል ይሠራል፤ ሲደወልልኝ ግን አይጠራም።

ራውተሩ ረስቷችኋል። ስልኩ ለጥቂት ጊዜ ዝም ሲል ራውተሩ የከፈተለትን መንገድ ይዘጋል። ኪፕ አላይቭ የሚለውን ሴቲንግ አብሩና በየ20 ወይም በየ30 ሰከንዱ ይሁን። ሞባይል ላይ ከሆነ ባትሪ ቆጣቢው አፑን እያስተኛው ይሆናል፤ ከቆጣቢው ዝርዝር አውጡት፣ ወይም በፑሽ ኖቲፊኬሽን የሚነቃ አፕ ተጠቀሙ።

«1ን ይጫኑ» ሲለኝ ብጫንም አይቀበልም።

የቁልፉ ድምፅ በኮዴክ ሲጨመቅ ይበላሻል። በሴቲንግ ውስጥ ዲቲኤምኤፍ የሚለውን አርኤፍሲ 2833 አድርጉት፤ አዲሶቹ ላይ 4733 ሊል ይችላል። ያን ጊዜ ቁልፉ በድምፅ ሳይሆን በመልእክት ይሄዳል።

የራሴ ድምፅ ተመልሶ ይሰማኛል።

ብዙውን ጊዜ ችግሩ እናንተ ጋ አይደለም። የምታወሩት ሰው ስፒከር ከፍቶ ከሆነ የእናንተ ድምፅ በእሱ ማይክ ተመልሶ ይገባል። ስፒከሩን ይቀንስ ወይም ኢርፎን ያድርግ። ከማንም ጋር ስታወሩ የሚሰማችሁ ከሆነና የድሮ ስልክ በአዳፕተር የምትጠቀሙ ከሆነ ግን አዳፕተሩ ላይ የኢምፒዳንስ ምርጫ አለ፤ የአገራችሁን ምረጡ።

ፋክስ፣ የካርድ ማሽንና የሌባ አላርም በዚህ መስመር ይሠራሉ?

ፋክስ ቲ.38 የሚባለውን አዳፕተሩም አቅራቢውም ከደገፉ ይሠራል፤ ያለዚያ ጂ.711 ብቻ ተጠቀሙ። ከአንድ ሁለት ገጽ በላይ ሲሆን መቋረጡ ያሰለቻል። የካርድ ማሽኑን በቀጥታ ኢንተርኔት ላይ የሚሠራውን ጠይቁ። አላርሙን ግን የጫነላችሁን ድርጅት ሳትጠይቁ መስመሩን አትቀይሩ፤ አላርሙ መደወል አለመቻሉን ሌባው ሲገባ ብቻ ማወቅ አይገባም።

ሌባ በእኛ ቁጥር ወደ ውጭ አገር ሊደውል ይችላል?

ይችላል፤ የተለመደም ነው። 5060ን ለዓለም ክፍት ያደረገ ሰርቨር ብዙ ሳይቆይ ሮቦቶች ማንኳኳት ይጀምሩበታል። ኤክስቴንሽን 101፣ ፓስወርድ 101 ዓይነቱን ይገምታሉ። ከገቡ በኋላ ከፍተኛ ክፍያ ወደሚያስከፍሉ የውጭ ቁጥሮች ይደውላሉ፤ ከዚያ ክፍያ ድርሻ አላቸው። የሚመርጡትም ሌሊትና የዕረፍት ቀን ነው፣ ማንም በማያይበት ሰዓት።

ከሁሉ በፊት አቅራቢው ጋ ሄዳችሁ የቀን ወጪ ጣሪያ አስደርጉ፣ የማትደውሉባቸውን አገሮችም አዘጉ። ሌላው ሁሉ ቢሰበር ይህ ይይዘዋል። ከዚያ ረጅምና የማይገመት ፓስወርድ ለየኤክስቴንሽኑ ስጡ። ስልኮቹ ከፋብሪካ ይዘውት የመጡትን የአድሚን ፓስወርድ ቀይሩ፤ የድምፅ መልእክት ሳጥኑን ፒንም አትርሱ። ከቤት የሚሠራ ሰው ካለ በቪፒኤን፣ ማለትም በተመሰጠረ የግል መንገድ፣ ይግባ፤ ለእሱ ሲባል ፖርቱን ለሁሉም አትክፈቱ። የራስ ሰርቨር ላይ ፌይልቱባን ጫኑ፤ ደጋግሞ የተሳሳተን አድራሻ ያግዳል።

ጥሪዬን ሌላ ሰው ሊያዳምጠው ይችላል?

ምስጠራ ካላበራችሁ በመንገዱ ላይ ያለ ሰው ፓኬቶቹን ሰብስቦ ማዳመጥ ይችላል፤ ለዚህ የሚሆን ነፃ መሣሪያ አለ። ቲኤልኤስ የጥሪውን መልእክት ይሸፍናል፣ ኤስአርቲፒ ድምፁን። ሁለቱን አብራችሁ አብሩ። በተለመደው አሠራር የድምፁ ቁልፍ የሚላከው በጥሪው መልእክት ውስጥ ስለሆነ፣ ኤስአርቲፒን ብቻ ማብራት በሩን ቆልፎ ቁልፉን በሩ ላይ መተው ይሆናል። ደግሞም ይህ ምስጠራ የሚሸፍነው ከእናንተ እስከ አቅራቢው ሰርቨር ያለውን ነው። ጥሪው ከዚያ ወደ ተራ ስልክ ሲያልፍ ምስጠራው ይፈታል። ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ ወሬ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ፣ ለእሱ የተሠራ የመልእክት አፕ ተጠቀሙ።